ኤሲው ይብራ ወይስ ይጥፋ? የሰመር ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሰን ጥያቄ በሙሉ ስለ ሙቀት ሆኗል፣ ስለ ትዳርና ስለ ወረቀት ይጠይቀን የነበረው ሰው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሐምሌን እንዴት እንደምናልፈው ጨንቆናል መሰለኝ፣ ስለዚህ የዚህን ወር አምድ እንዳለ ለሱ ሰጠሁት። አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አንተ አንቺ እያልኩ ብመልስ ንቀት አይደለም፣ አገሬ እንደዛ ነው። ደግሞም በሙቀት ጉዳይ ደገኛ አያስተምረኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው፣ ሰባዎቹን አልፋለች፣ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ስወጣ ኤሲውን አብርቼላት እሄዳለሁ፣ ስመለስ ጠፍቷል፣ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፣ እሷ ጋቢዋን ለብሳ ላብ በላብ ሆና ቁጭ ብላለች። «ንፋስ ይመታኛል፣ አጥንቴ ውስጥ ይገባል» ነው መልሷ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስለሆነችም ይደብራታል። ምን ላድርግ ጋሼ? (ልጅቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ አንቺ ብቻ አይደለሽም የጠየቅሽው፣ ቤት ይቁጠረው። መጀመሪያ እናትሽ ላይ ምን እንደወረደባት እንይ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሐምሌ ላይ ቀኑ ሞቀ ቢባል 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ማለት ሹራብና ጃንጥላ። ከዛ ተነስታ አንድ ሌሊት በርራ 95 ፋራናይት ውስጥ ገባች፣ በኛ አቆጣጠር 35 መሆኑ ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፣ እድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰው ውሃ ቢያጥረውም ጥሙ በደንብ አይሰማውም፣ ከግፊት መድኃኒቶችም ውስጥ ሽንት የሚያበዙ አሉ። የሷ የትኛው እንደሆነ ሐኪሟን ወይ ፋርማሲውን ጠይቂ፣ ራስሽ ግን እንዳታስቆሚያት።

ሌላው የዲሲ ሙቀት ከድሬ ጋር አንድ አይደለም። ድሬ ላይ ላብ ወዲያው ይደርቃል፣ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ሲደርቅ ነው። እዚህ አየሩ ራሱ እርጥበት ስለጠገበ ላቡ ዝም ብሎ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፣ ማታም እንደኛ አገር በረድ አይልልሽም። ለዚህ ነው ቴሌቪዥኑ 95 ሲል ሰውነትሽ ከ100 በላይ የሚሰማው። ስለዚህ እዚህ አገር ላይ ኤሲ ቅንጦት አይደለም፣ በተለይ ለሷ እድሜ።

ግን ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፣ አታሸንፊም። እሷ የፈራችው ንፋሱን ነው፣ ቅዝቃዜውን አይደለም። የምትቀመጥበትን ወንበር አየሩ ከሚወጣበት አቅጣጫ አንሺው፣ የኤሲውን መክፈቻ ወደ ጣሪያ አዙሪው፣ የመስኮት ኤሲ ከሆነ ደግሞ አንዱ ክፍል ላይ ይሥራና እሷ በሩ ተከፍቶ ጎን ካለው ክፍል ትሁን። 78 ላይ አድርጊው፣ 68 አድርገሽ ቤቱን ፍሪጅ ካደረግሽባትማ እውነቷን ነው ታጠፋዋለች። ጋቢውንም ተያት ትልበስ፣ በ78 ዲግሪ ጋቢ ለብሶ መቀመጥ በ95 ዲግሪ ቤት ውስጥ ያለ ጋቢ ከመቀመጥ መቶ እጅ ይሻላል። «ፋን ብቻ ይበቃኛል» ካለች ግን እሺ አትበያት፣ ክፍሉ ከ90 በላይ ከሞቀ ፋን የሚያመጣው ትኩስ አየር ነው፣ ለአሮጊት ሰው አያድንም።

ውሃውን በብርጭቆ ሳይሆን በጆግ አስቀምጪላት፣ ማታ ስትገቢ ምን ያህል እንደጎደለ ታያለሽ። ቡናዋን አትከልክያት፣ ከቡናው ጋር ግን አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፣ በጀበናው ሥነ ሥርዓት ውስጥ ካስገባሽው ሳታውቀው ትለምደዋለች። እና ራሷን ካመማት «ምች ነው» ማለቷ አይቀርም፣ ዳማከሴም ከአገር ይዛ መጥታ ይሆናል፣ ታሽተው ችግር የለውም። ግን ንግግሯ ከተምታታ፣ የት እንዳለች ግራ ከገባት፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ካቃጠለ ወይ ከወደቀች እሱ ምች አይደለም፣ የሙቀት ስትሮክ ነው። 911 ደውይ፣ እስኪመጡም በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢያት፣ በብብቷና በአንገቷ በረዶ አድርጊ፣ ራሷን ካላወቀች የሚጠጣ ነገር አፏ ውስጥ እንዳታፈሺ።

ስለ መደበሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ውሰጃት። መግቢያ አይከፈልም ነፃ ነው፣ ደስ የሚል ቀዝቃዛ ነው፣ ዊልቸርም በነፃ ያውሳሉ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ አለ፣ የነሉሲ ዘር ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ሠርተው አስቀምጠዋል፣ እናትሽ ምን እንደምትል እኔም መስማት እፈልጋለሁ። ከሱ ብዙም ሳይርቅ ናሽናል ጋለሪው አለ፣ ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኝ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለው፣ ወለሉ ራሱ ይወስድሻል፣ ግድግዳው በመብራት ያሸበረቀ ነው። ቅዱሳን ሥዕሎች ያሉበትን ክፍል ካገኘች ደግሞ ከዛ አታስነሻትም።

ጥያቄ፦ የአፓርትመንታችን ኤሲ ከተበላሸ 9 ቀን ሆነው። ማኔጅመንቱ በደወልኩ ቁጥር «ኔክስት ዊክ» ይለኛል። ቤት ውስጥ 88 ደርሷል፣ ሕፃን ልጅ አለን። መብት አለን ወይስ ዝም ብለን እንቻለው? (አባወራ፣ ከዊተን)

መልስ፦ አለህ እንጂ! ዊተን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ካውንቲው ደግሞ በ2020 ያወጣው ሕግ አለ፣ የአፓርትመንት አከራይ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቤቱን ከ80 ፋራናይት በላይ እንዳይሞቅ የሚያደርግ ኤሲ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ስልክ መደወሉን ተወውና በኢሜል ጻፍላቸው፣ ቀኑን ጥቀስ፣ ቴርሞሜትሩን ፎቶ አንስተህ አያይዝ፣ ካልሰሙህ 311 ደውለህ ለካውንቲው የቤቶች ቢሮ አመልክት፣ ኢንስፔክተር ይልካሉ። ኪራይ አልከፍልም ብለህ ግን እንዳትጀምር፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክር እሱን ካደረግክ ነገሩ ባንተ ላይ ይዞራል። ዲሲ ያላችሁም አከራይ ኤሲ ካቀረበ እንዲሠራ የማድረግ ግዴታ አለበት፣ ቨርጂኒያም እንደዛው። ቤዝመንት ከአበሻ የተከራያችሁ ደግሞ አውቃለሁ፣ «ዘመድ እንዴት ይከሰሳል» ትላላችሁ፣ ቢያንስ አንድ የመስኮት ኤሲ ይግዛላችሁ በሉትና ተነጋገሩ።

ሕፃኑን እስከዛ ቀትር ላይ ላይብረሪ ውሰዱት። ማንም ለምን መጣችሁ አይላችሁም።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የ5ና የ8 ዓመት፣ ብቻዬን ነው የማሳድጋቸው። ሰመር ካምፕ የጠየቁኝን ዋጋ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት። ዲሲ ነው የምንኖረው። ቤት ውስጥ ታብሌት ላይ ተጥደው ሊውሉ ነው፣ እባካችሁ ርካሽ ነገር ንገሩኝ። (የሁለት እናት)

መልስ፦ ርካሽ ብቻ ሳይሆን ነፃ ልንገርሽ። የዲሲ ከተማ የውጪ ገንዳዎች ለዲሲ ነዋሪ ነፃ ናቸው፣ አድራሻሽን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘሽ መሄድ ብቻ ነው። አንዱ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ባነከር ነው፣ ከናይንዝ ስትሪት የኛ ሬስቶራንቶች ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ገንዳ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፣ የቱ ቀን እንደሆነ አይተሽ ውጪ፣ ልጅ ዋና ልብስ አስለብሰሽ ተዘግቷል ከተባልሽ የምትሰሚውን ለቅሶ እኔ አልነግርሽም። ነጎድጓድ ከተሰማም ሁሉንም ከውሃ ያስወጣሉ፣ እዚህ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወደው፣ ስለዚህ ጠዋት ይሻላል። ገንዳ ካልፈለግሽ ውሃ ከመሬት የሚፈነጥቅባቸው መጫወቻዎች በየሰፈሩ አሉ፣ ኔቪ ያርድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ያርድስ ፓርክ ደግሞ ልጆች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው የሚንቦራጨቁበት ውሃ አለው፣ ለ5 ዓመት ልጅ እሱ ገነት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርሽ። እኛ አብዛኞቻችን ደጋ ያደግን ሰዎች ዋና አንችልም፣ ወንዝ ማለት «እንዳትጠጋ» ማለት ነበር፣ እና ልጆቻችንን ላይፍጋርድ አለ ብለን ስልካችን ላይ እንቀመጣለን። ላይፍጋርዱ መቶ ልጅ ነው የሚያየው። ያንቺን ሁለት የምታዪው አንቺ ነሽ፣ የ5 ዓመቷ ደግሞ እጅሽ ከሚደርስበት እንዳትርቅ። ከተማው የዋና ትምህርት አለው፣ ምዝገባው ሲከፈት ወዲያው ስለሚሞላ ቀኑን ጠብቂ፣ ለራስሽም ብትመዘገቢ የሚስቅብሽ የለም። ምሳም አትጨነቂ፣ 18 ዓመትና ከዛ በታች ላለ ልጅ ሁሉ በሰመር ነፃ ምግብ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ፣ ወረቀት አይጠይቁሽም፣ ሰፈርሽ የቱ ጋ እንዳለ አጠያይቂ።

ጥያቄ፦ እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፣ አባያ ነው ዋና የለመድኩት። ፖቶማክ ላይ ለምንድነው የማይዋኘው? ፈረንጆቹ በጀልባ ሲዝናኑ አያለሁ። (ዋናተኛው)

መልስ፦ ወንድሜ አዞ የለም ብለህ አትታለል። ዲሲ ውስጥ ወንዝ ላይ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ አሮጌው የከተማዋ ቱቦ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍሳሹን ከነምኑ ወደ ወንዙ ይለቀዋልና። ላይኛው ግሬት ፎልስ አካባቢ ያለው ደግሞ ከላይ ፀጥ ያለ ይመስላል ከሥር ግን ይጎትታል፣ ጎበዝ ዋናተኛ የበላ ወንዝ ነው፣ እዛም ክልክል ነው። ገንዳ ግባ በቃ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ኡበር ነው የምነዳ፣ በቀን 11 እና 12 ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሰው ሳልጭን ኤሲ አጠፋለሁ። አሁን አሁን ከሰዓት ላይ ራሴን ያዞረኛል፣ ወገቤን በጎን በኩል ያመኛል። ሙቀቱ ነው? (ሹፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ወገቡን ለሐኪም አሳይ፣ ይሄን በአምድ አልመልስልህም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ውሃ ትጠጣለህ? አውቀዋለሁ መልሱን፣ አትጠጣም፣ ምክንያቱም ከጠጣህ ሽንት ይመጣል፣ ሽንት ከመጣ ደግሞ ፓርኪንግ የለም፣ ፓርክ ብታደርግ ትኬት ነው። ታክሲ የነዱ ወንድሞቻችን ሁሉ ይሄንን ታሪክ ያውቁታል፣ ግማሾቹ የኩላሊት ጠጠር ይዘው ነው የወጡት ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሽንትህን እየው፣ ቀለሙ የሻይ ከመሰለ ውሃ አጥሮሃል፣ ገለባ ከመሰለ ደህና ነህ። መንገድህን በመጸዳጃ አስላው፣ ፓርኪንግ ያላቸውን ላይብረሪዎች፣ ነዳጅ ማደያዎች፣ ግሮሰሪዎች ካርታህ ላይ ምልክት አድርግባቸው፣ በየ2 ሰዓቱ አንዱ ጋ ቁም። ማታ ሁለት ላስቲክ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ክተት፣ ቀን እየቀለጠ ይጠጣል። በጣም ካላበህ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ በልክ ይሁን፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ያው ነው። ግፊት ወይ ስኳር ካለብህ ግን ይሄኛውን ሐኪምህን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር።

ኤሲውን ማጥፋት የሚባለውን ደግሞ ተወው። ውጪው 80 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እንኳን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 99፣ በ20 ደቂቃ ወደ 109 ይወጣል፣ አንተ ደግሞ በ95 ነው የምትቆመው። የምታተርፈው ነዳጅ የአንድ ድንገተኛ ክፍል ቢል አይሸፍንልህም። ጥላ ፈልግ፣ የፊት መስታወት መሸፈኛ ግዛ፣ መድኃኒት በተለይ ኢንሱሊን መኪና ውስጥ አትተው ይበላሻል። ልጅማ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አልናገረውም ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛ ሊጤ በሰመር ኮምጣጤ ይሆንብኛል፣ ሁለተኛ የመብራት ቢሌ ባለፈው ወር እጥፍ መጣ። (ባለ ምጣዷ)

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ናቸው እህቴ፣ እንጀራሽን ቀን ላይ ኤሲ ከፍተሽ ነው አይደል የምትጋግሪው? ምጣዱ ቤቱን ያሞቃል፣ ኤሲው ያቀዘቅዛል፣ ሁለቱ ሲታገሉ የምትከፍይው አንቺ። ወይ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሽ ወይ ማታ ጋግሪ፣ ጋራዥ ካለሽ እዛ አውጪው፣ ግን በቀጭን ኤክስቴንሽን እንዳትሰኪው ምጣድ ብዙ ኃይል ነው የሚስበው፣ ገመዱ ይቀልጣል። ሊጡን በተመለከተ እርሾውን ቀንሺ፣ ክረምት ላይ 3 ቀን የሚፈልገው ሊጥ አሁን ቶሎ ይደርሳል፣ የቋረውን ውሃ ድፊና በቀዝቃዛ ለውጪው፣ መድረሱን ካየሽ አብሲት እስክትጥይ ፍሪጅ ይግባ። የደረሰ ሊጥ ቀን አይጠብቅም።

ለቢሉ ደግሞ የኤሲውን ፊልተር አይተሽው ታውቂያለሽ? አውጪው፣ የበርበሬና የሽንኩርት ጭስ ያጠቆረው ፊልተር አየር አያሳልፍም። ፀሐይ የሚገባበትን መጋረጃ ጠዋት ዝጊ። የጣሪያ ፋን ካለሽ አብሪና ቴርሞስታቱን 4 ዲግሪ ከፍ አድርጊው ልዩነቱ አይሰማሽም፣ ከክፍሉ ስትወጪ ግን ፋኑን አጥፊው፣ ሰው ነው የሚያቀዘቅዘው እንጂ ቤት አያቀዘቅዝም። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ደግሞ የመብራት ክፍያ የሚያግዝ የመንግሥት ፕሮግራም አለ፣ ላይሂፕ ይሉታል፣ ለክረምት ማሞቂያ ብቻ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ።

መብራት ከጠፋስ? በጁን 29 ቀን 2012 እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ቀኑ 104 ውሎ ማታ የመጣው አውሎ ንፋስ በአካባቢው ከ1 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጠፋ፣ አንዳንዱ ቤት ለቀናት አልተመለሰም። ያን ጊዜ ስንት ፍሪዘር ሥጋና እንጀራ ተጣለ! ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት፣ ሙሉ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ይይዛል፣ ስለዚህ «እስኪ ቀልጦ ይሆን» እያላችሁ አትክፈቱት።

ጥያቄ፦ አንዲት ልጅ ወድጃለሁ። ሬስቶራንት ሬስቶራንት ሰለቸን፣ ውጪ ደግሞ በዚህ ሙቀት ላብ በላብ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም። የት ልውሰዳት? (አፍቃሪው)

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ሰዓትህን ቀይር። ድሬ ላይ በቀትር መንገድ ላይ የምታየው ፍየልና ከደጋ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ይተኛል፣ ከተማው የሚነሳው ፀሐይዋ ከወረደች በኋላ ነው፣ ከዚራ ዛፎች ሥር የሚወራው ወሬ ሁሉ የማታ ነው። እኛ ግን እዚህ እሁድ በ8 ሰዓት ፓርክ ሄደን ሥጋ እንጠብስና «ሙቀቱ ገደለን» እንላለን።

ስለዚህ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሊንከን ሜሞሪያል ውሰዳት፣ 24 ሰዓት ክፍት ነው፣ ነፃ ነው፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላችሁ ውሃው ላይ የሚያበራውን ሐውልት ታያላችሁ። ማለዳ የምትነሳ ልጅ ከሆነች ደግሞ ኬኒልወርዝ የሚባል የውሃ አበባ ፓርክ አለ፣ ሐምሌ ላይ ሎተሱ ይፈካል፣ ጠዋት ነው የሚያምረው ቀትር ላይ አበቦቹ ይዘጋሉ፣ እና ብዙ አበሻ አያውቀውም ያ ራሱ ጥቅም ነው። መኪና ካለህ ሼናንዶዋ ተራራ ላይ ስካይላይን ድራይቭ አለ፣ 105 ማይል ነው፣ ላዩ ከታቹ ሜዳ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ እዛው አካባቢ ሉሬ ዋሻ ዓመቱን ሙሉ 54 ፋራናይት ነው። ጃኬት ሁለት ያዝ። አንዱን ለምን እንደያዝክ እኔ አልነግርህም።

ጥያቄ፦ ፍልሰታ እየመጣ ነው። አባቴ ስኳር አለበት፣ ሆኖም እስከ ቅዳሴ ማብቂያ ውሃ እንኳን አልቀምስም ይላል። እንዴት እናድርግ? (ልጁ)

መልስ፦ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ልክ እዚህ የሙቀቱ ጊዜ፣ አገር ቤት ግን ዝናብ ነው፣ አባትህ ልጅነቱን ሙሉ የጾመው በዛ ብርድ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ያለ ውሃ እስከ 9 ሰዓት መቆየት በዚህ አየር አደገኛ ነው፣ የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበላ መዋል ደግሞ ስኳሩን ጥሎ ራሱን ያስተዋል። አንተ «አትጹም» ብትለው አይሰማህም፣ እኔም ብለው አይሰማኝም። የንስሐ አባቱ ግን ይሰማዋል፣ ቤተክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፣ ስለዚህ አባን ቀድመህ አግኝና በሽታውን ንገራቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩት። ጤነኛ ሆናችሁ የምትጾሙ ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምራችሁ ውሃ ጠጡ፣ ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ረጅም ወሬ አታውሩ፣ መጀመሪያ ጠበሉ ከዛ ውሃው ከዛ ሽሮው። ለአባትህ የሐኪም ቀጠሮም ያስፈልጋል፣ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስተካክለው እሱ ነው፣ ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ ዛሬውኑ ደውል።